ካፒቴን ሆኜ የዋልኩበት ቅዳሜ

ቼዝ አልችልም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ፈረሱ እንዴት እንደሚሄድ ባሌ ስንቴ አስረድቶኛል፣ ልጄም አስረድታኛለች፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ያም ሆኖ ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የቼዝ ቡድን ካፒቴን ሆኜ ውያለሁ። ካፒቴን ያደረገኝ ሌላ ሰው መጥፋቱ ነው። ሰው ሲጠፋ እኔ አለሁ፤ በቤታችን ይህ ከታወቀ ቆይቷል።

ነገሩ የሚጀምረው ከረመዳን ነው። ባሌ ስኳር አለበት። ያን ጊዜ ትልቅ ትራክ ይነዳ ነበር፤ ከምንኖርባት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከወጣ ሦስት አራት ቀን መንገድ ላይ የሚያድር ሰው። ትራክ ለመንዳት ሐኪም መርምሮ መፈረም አለበት። የባሌ እንግሊዝኛ ደግሞ ለመንገድና ለጋዝ ስቴሽን ይበቃል እንጂ ለሐኪም አይበቃም። ስለዚህ ሐኪም ቤት የምታስተረጉምለት ልጃችን ናት፤ ገና እግሯ ከወንበሩ ወለል ሳይደርስ ጀምራ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲም ጨርሳለች።

ሐኪሙ ምንም ይጠይቀው ምን፣ የባሌ መልስ አንድ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስዳለህ? «አልሐምዱሊላህ።» ያዞርሃል? «አልሐምዱሊላህ።» ልጄም ስንት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ ይላል» እያለች ስትተረጉምለት ኖራለች። ያን ቀን ግን አልሆነም። እኔ ጥግ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ። «አባቴ አላህን አመሰገነ እንጂ አዎ አላለም» አለችው ሐኪሙን፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ዘረገፈችው። እየጾመ እንደሚነዳ፣ በጾም ቀን መድኃኒቱን እንደሚዘለው፣ አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ዐይኑ ጨልሞበት ትራኩን እንደምንም ዳር አስይዞ እንደተኛ። ይህችን የመጨረሻዋን ራሱ ነበር የነገራት፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር እኩል። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፤ አልፈረመም።

ባሌ ከዚያ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ይውላል። «እኔ ያልኩትን ትታ የፈለገችውን ተረጎመች» አለ፤ አኮረፈ። የኛ ሰው ኩርፊያ ደግሞ ጩኸት የለው፣ ስድብ የለው፤ ሰውየው እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከቤት ይጠፋል። ልጄም የእሱው ልጅ ናትና ንቅንቅ አላለችም። «ዝም ብዬ መንገድ ላይ ቢሞት ኖሮ ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሱም ቢሆን አልፈርድበትም፤ እድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው፣ በልጁ አፍ ከወንበሩ ሲወርድ ያማል። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ነው ቤት የሚያስቸግረው።

መካከል ላይ እኔ ስልክ ሆንኩ። «ልጅሽ መኪናዋን መውጫው ላይ ገትራዋለች፤ ንገሪያት።» «ማሚ፣ ቴል ሂም ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።» ሁለቱም እኮ ሳሎን ናቸው፤ እኔ ነኝ ወጥ ቤት። አንዳንዴ ደሜ ይፈላና «ጆሮ የላችሁም እንዴ?» እላለሁ። ፖላሪስ በምሠራበት ልብስ ቤት ሰው ገልብጦ የጣለውን ሹራብ ሳጥፍ ውዬ፣ በዚያ ትራፊክ ሂልቶፕ ቤታችን ድረስ ነድቼ እገባለሁ፤ ገና በሩን ስከፍት መልእክት ይጠብቀኛል። ወላሂ ደከመኝ። እግር ቢደክም ይታሻል፤ ይህኛው ድካም የት እንዳለ እንኳ ለይቼ ማሳየት አልችልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልጄ ቴክሳስ ሥራ አገኘች። ሰኞ ልትሄድ ሆነ፣ በመኪናዋ። ለባሌ ነገርኩት። «አላህ ያግዛት፤ ንገሪያት» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኩርፊያን አውቀዋለሁ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ ምክንያት አያጣም፤ ቁልፍ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ አንዱ ያስላል፣ በዚያው ይነጋገራሉ። ቴክሳስና ኦሃዮ ሆኖ ግን ምን ምክንያት ይገኛል? ሳይነጋገሩ ከሄደች ዓመቱ ዓመት ይወልዳል። ስለዚህ ከሰኞ በፊት አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ከአንዳቸው አፍ ለሌላው እንድትወጣ ለመንኩ። ሶላቴ ሁሉ እሷው ሆነች።

ወደ ቼዙ ልመለስ። እኛ ሰፈር ላይብረሪ ውስጥ ቼዝ የሚያጫውቱ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ፤ የታሪክ መምህር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሰውየው የሚወዱት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን አንድ ዘመን ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አገሮች አራት አራት ተጫዋች እያሰለፉ ይጋጠሙ ነበር፤ አራት ሰሌዳ በአራት ሰሌዳ። ያንን ነው እዚህ ምዕራብ ኮሎምበስ ውስጥ መልሰው የሚያቆሙት። ኔፓሎች አራት ያመጣሉ፣ ሶማሌዎች አራት፣ ጋናዎች አራት፣ እኛም አራት። አራተኛችን ግን ሺፍት ተቀየረብኝ ብሎ ቀረ። ሌሎቹ ሦስቱ ባሌና ዕቃ ማድረስ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ወንድማማቾቹ ቤት ድረስ መጥተው ልጄን ያዟት፦ «ሦስት ሆነን አያስገቡንም፤ ለጋሼ ለአባትሽ ባይሆን፣ ለእኛ ስትይ ተጫወቺ።»

«ለእነሱ ብዬ ነው የምጫወተው፤ ቴል ሂም» አለችኝ።

«ሰሌዳው የአባቷ ቤት አይደለም፤ ትጫወት፣ ንገሪያት» አለኝ እሱ።

አባቷ ማን ሆነና፣ ልለው ፈልጌ ነበር። ዋጥኩት። ለቡድን ደግሞ የማይጫወት ካፒቴን ያስፈልጋል ተባለ። ወንድማማቾቹ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ፣ ምንም ሥራ የለውም፤ ቁጭ ማለት ነው» አሉኝ። ቁጭ ማለት ከሆነማ መጣሁ አልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄን ቼዝ ያስተማራት አባቷ ነው፣ በአማርኛ። አማርኛዋ ሌላ ቦታ ቢሰበርም ሰሌዳ ላይ አይሰበርም፤ ፈረስ፣ ግንብ፣ ወታደር ትላለች እንጂ ሌላ ስም አታውቅላቸውም። ትንሽ ሳለች ጨዋታው እኩል ሲወጣ ትነፋረቅ ነበር፤ ካላሸነፍኩ ተሸነፍኩ ነው የሚመስላት። አባቷ ታዲያ «አልተሸነፍሽም፤ ይሄ እርቅ ነው፣ ሁለቱ ንጉሦች ታረቁ» ይላታል። በዚያው ቀረ። እኛ ቤት እኩል መውጣት እርቅ ነው የሚባለው። ሌላ ቤት እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት መኪና ሄድን፤ ባሌ ከወንድማማቾቹ ጋር፣ እኔ ከልጄ ጋር። አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛ ገጥመው ሰሌዳ ደርድረዋል። በየሰሌዳው አጠገብ የየተጫዋቹን ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ጊዜው ያለቀበት ይሸነፋል። የአንድ ቡድን ሰዎች ባንድ ወገን ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ባሌ አንደኛ ሰሌዳ፣ ልጄ ሁለተኛ፤ ክርን ለክርን። ፊት ለፊት ስላልሆኑ መተያየት የለባቸውም። ይህም አንድ ነገር ነው አልኩ።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌው ንግግር አደረጉ። ባሌ ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ምን ይላሉ?» አለኝ። ልጁ በክርኑ ሥር ተቀምጣ ከሳቸው አፍ ቀጥታ እየሰማች፣ የጠየቀው እኔን ነው። እኔ በልብስ ቤት እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩለት። የመጨረሻው ውድድር ደቡብ አሜሪካ ነበር፤ መካከል ላይ አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። አገራቸው የተዋጋ ቡድኖች አንጋጠምም አሉ፤ አንድ ወታደር ሳይነካ፣ ሰሌዳው እንደተደረደረ፣ ሁለት ለሁለት እኩል ተብሎ ተጻፈላቸው። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ፤ መመለሻ አጡ።

«እኛ ነበርንበት?» አለኝ ባሌ። «ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁ። አልነበራችሁም አሉ ሽማግሌው፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

«በዚያን ዘመን እኛ ሌላ ጉዳይ ነበረብን፤ ንገሪያቸው» አለ። ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ባሌ ለማንም ሳይሆን፣ ሰሌዳውን እያየ፣ «ሳይጫወቱ እኩል? እንዲህ ያለ እኩል የለም» አለ። ልጄ አንገቷን ወዲያ አዞረች። እኔ ግን የሽማግሌው ወሬ አልለቀቀኝም። ሳይጫወቱ ሁለት ለሁለት፤ ከረመዳን ወዲህ የኛ ሳሎን እኮ ይኸው ነው።

ሽማግሌው ሕጉንም ተናገሩ። ተጫዋች ከተጫዋች አይነጋገርም። የጎን ሰው አይመክርም። ተጫዋች ለማነጋገር የሚፈቀድለት ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ አንድ ነገር። ተጋጣሚ እኩል እንውጣ ካለ፣ ተጫዋቹ ካፒቴኑን ጠርቶ ልቀበል ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ካፒቴኑ አዎ ወይም አይ ይላል፤ ሌላ ትንፍሽ የለም። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ። ቤቴ ሳይበቃኝ እዚህም እኔው ልላላክ ነው፤ ያውም በሕግ።

ቀኑ ረዘመ። ሶማሌዎችን ረታን፣ በጋናዎች ተረታን። ምሳ ላይ ባሌ ከወንድማማቾቹ ጋር በላ፣ ልጄ መኪናዋ ውስጥ በላች፤ እኔ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጉርሻ በልቼ አንዱንም ሳልጠግብ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ግጥሚያ ከኔፓሎች ጋር ሆነ። የባሌ ተጋጣሚ ባርኔጣ ያደረጉ ትሑት ሽማግሌ ናቸው፤ የልጄ ደግሞ ነርስነት የሚማር ወጣት። ከወንድማማቾቹ ታላቁ አሸነፈ፣ ታናሹ ተሸነፈ። አንድ ለአንድ። የቀሩት አባትና ልጅ ናቸው። ታናሹ ኮሪደሩ ላይ ሹክ አለኝ፦ «እትዬ፣ ጋሼ ይዞታል፤ ማሸነፉ አይቀርም። ግን የተሰጠው ጊዜ እያለቀ ነው።»

በእውነት ለማሸነፉ ግድ አልነበረኝም። እኔ የማየው ሌላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዴ እንኳ ዞር አላሉም። ነገ እሑድ ነው፣ ዕቃ መጫኛ። ከነገ ወዲያ ሰኞ። ይህ ጠረጴዛ ካላደረገው ማን ያደርገዋል? ግድግዳውን ተደግፌ እንደቆምኩ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ ከሐዘን ሳይሆን ከድካም።

ልጄ እጇን አነሳች። ካፒቴን መጥራቷ ነው። ሄድኩ። ወጣቱ ኔፓላዊ እኩል እንውጣ ብሏታል። ዐይኗን ከሰሌዳው ሳታነሳ፣ ስለ ቼዝ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ እንደምታደርገው፣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ እርቅ አይሻልም?»

አፌን ለመክፈት አልደረስኩም።

«ይሻላል» አለ ባሌ።

ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀረ ነው ያለው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁሉም ሰማው። የልጄ እጅ አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ የመጣልኝ፣ አልገባውም፣ ስለ ጨዋታው መጠየቋን አላወቀም የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ፣ የለም፣ ስለ ጨዋታው መሆኑን አውቆ ነው ምክር የሰጣት አልኩ። ሦስተኛም ነገር ታየኝ፤ እሱን ግን ለማመን ፈራሁ።

አሜሪካዊው ሽማግሌ መጡ። ፊታቸው ጨልሟል፤ የሚወዱትን ሕግ ዐይናቸው እያየ ተጥሶባቸዋል። ልጄን ነው የጠየቁት፣ በቀስታ፦ ምን አለሽ? ስለ ጨዋታሽ ተናግሮ ከሆነ የሱን ጨዋታ ተሸናፊ ብዬ መመዝገብ አለብኝ፤ ስለዚህ በትክክል ተርጉሚልኝ። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ባሌም አያጣም። ተሸናፊ የሚለውንም፣ ተርጉሚ የሚለውንም ሰምቷል።

ልጄ ወደ እሱ ዞረች። ከረመዳን ወዲህ ፊቱን ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባዬ፣ ምን ልበላቸው?» አለችው።

ባሌ ቀና አለ። ዐይኑ ቀልቷል፤ የመጋዘን አቧራ ነው ልበል። እኔ በልቤ እለምነዋለሁ፣ አንድ ነገር በላት፣ እባክህ፣ አላህን ብለህ። ስለ ጨዋታው አይደለም ቢል እኮ ይድናል፣ የያዘውንም ጨዋታ ያሸንፋል።

«እንደፈለግሽ ተርጉሚው» አላት።

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች፣ እንባዋ ግን ቀደማት። በእጇ ጀርባ ጠራርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ይህች ልጅ ዛሬም ልትዋሽ አልቻለችም፤ ለማንም ብላ አትችልም። «እኔ የጠየቅሁት ስለ ጨዋታው ነበር» አለቻቸው በእንግሊዝኛ። «እሱ የመለሰልኝ ስለ እኛ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ለዚህ የሚሆን ሕግ የሚፈልጉ ይመስል ጣሪያውን አዩ፤ አላገኙም መሰለኝ፣ መልሰው አደረጉት። ወጣቱ ተጋጣሚ ምን እንደሆነ ሳይገባው እጁን ዘረጋ፤ ልጄም ጨበጠችው፤ የእሷ ጨዋታ በዚያ አለቀ። በዚህ ሁሉ መካከል የባሌን ሰዓት ያቆመው ሰው አልነበረም። ባለባርኔጣው ሽማግሌ በጣም አፍረው፣ በአንድ ጣታቸው ብቻ ወደ ሰዓቱ አመለከቱ። አልቋል። የያዘው ጨዋታ ከእጁ ሄዷል፤ ቡድናችንም ተሸንፏል። ባሌ ግን ሰዓቱን አያይም።

«ካፒቴን፣ ጊዜው እንዳለቀ ንገሪው» አሉኝ አሜሪካዊው ሽማግሌ።

«ልጁ አጠገቡ ናት» አልኳቸው። «እሷ ትንገረው።»

ነገረችው። ሰዓቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፤ ንጉሡን በጣቱ ቀስ አድርጎ አጋደመው። ለባለባርኔጣው እጁን ሰጥቶ፣ ወንበሩን ወደ ልጁ አዞረ።

«ሰኞ በየትኛው መንገድ ነው የምትሄጂው?» አላት።